ኬዳር፦ ከ«ቀረ» የሚነሳ ስፓኒሽ

ማድሪድ መሃል፣ ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ላይ፣ በኋላ እግሩ ቆሞ ዛፍ ላይ የተንጠራራ የድብ ሐውልት አለ። የተመረቀው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የከተማዋ ሰው ሲቀጣጠር «ኬዳሞስ ኤን ኤል ኦሶ» ይላል፤ «ድቡ ጋ እንገናኝ» ማለቱ ነው። «ኬዳሞስ» የመጣበትን፣ ኬዳር የተባለውን የስፓኒሽ ግስ ከመዝገበ ቃላት «መቅረት» ብሎ የያዘ ወጣት ይህን ሲሰማ ቢደናገር አይፈረድበትም። በአማርኛ «ቀጠሮው ቀረ» ከተባለ ማንም ከቤቱ አይወጣም፤ ማድሪድ ላይ ግን በዚሁ ግስ ቀጠሮ ይያዛል።

ግሱ የመጣው ማረፍንና መርጋትን ከሚገልጽ የላቲን ቃል ነው። ሁለት ሰዎች «ዛሬ ይሁን፣ ነገ ይሁን» ሲባባሉ ቆይተው ነገሩ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ላይ ሲረጋ፣ ያ ኬዳር ነው። ከአገር ቤት ገና የሄደ ተማሪ ሰዓቱንም ልብ ይበል። «ኬዳሞስ አ ላስ ኦቾ» የማታ ቀጠሮ ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ከዚህ ወዲያ አማርኛ ለኬዳር እጅግ የሚመች ቋንቋ ነው። ይህ ጸሐፊ ወጣቱን አጥብቆ የሚመክረውም በእንግሊዝኛ በኩል እንዳይዞር ነው። ኪሱን ፈትሾ «ሁለት ዩሮ ቀረኝ» የሚል ሰው «ሜ ኬዳን ዶስ ኤውሮስ» ለማለት አንድ እርምጃ ነው የቀረው። በሁለቱም ቋንቋ የሚቀረው ገንዘቡ ነው፤ ሰውየው በአንዱ «ኝ»፣ በሌላው «ሜ» ሆኖ ይጠጋል። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ፊት አስቀድሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለሚያደርገው፣ በዚያ በኩል የመጣ ተማሪ ገና ሲጀምር ይሰናከላል። አንድ ልዩነት አለ፦ አማርኛ አንድም ይሁን ሁለት ዩሮ «ቀረኝ» ይላል፤ ስፓኒሽ ለአንዱ «ኬዳ»፣ ከአንድ በላይ ለሆነው «ኬዳን» ይላል።

ልብስ ቤት ሲገባም አማርኛው ይረዳል። «ጃኬቱ ሰፋኝ» ለማለት «ሜ ኬዳ ግራንዴ»፣ ጓደኛን «ያምርብሻል» ለማለት «ቴ ኬዳ ቢየን»። ሻጩ ፊት ቆሞ «ይኸኛውን እወስዳለሁ» ለማለት ደግሞ «ሜ ኬዶ ኮን ኤስቴ» ይበቃል። ቤቱ ለመዋል የወሰነ ሰው «ሜ ኬዶ ኤን ካሳ» ይላል።

ጥንቃቄ የምትፈልገው ይህቺው «ሜ» ናት። «ኬዶ ኮን አና» ያለ ሰው ከአና ጋር ቀጠሮ አለው። «ሜ ኬዶ ኮን አና» ካለ ግን ከአና ጋር ሊቆይ ነው፣ ወይም ከሌሎቹ መካከል አናን መርጧል። ይህንን ልዩነት አፍ እስኪለምደው ጮክ ብሎ መደጋገም እንጂ ሰንጠረዥ መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም።

አትላንቲክን ሲሻገሩ አጠቃቀሙ ትንሽ ይለወጣል። ቦጎታ ላይ መድኃኒት ቤት የሚፈልግ ሰው «ዶንዴ ኬዳ ላ ፋርማሲያ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የት ነው የሚገኘው?» ማለት ነው። ሜክሲኮዎች ሲቀጣጠሩ «ኬዳሞስ ዴ ቬርኖስ» ይላሉ፤ «ልንገናኝ ተስማማን» እንደ ማለት ነው።

ለመለማመድ ለሳምንቱ አንድ ቦታና አንድ ዓረፍተ ነገር መምረጥ በቂ ነው፤ ሰኞ ገበያ የተባለው እስከ እሑድ ገበያ ውስጥ ይደገም። ስፔናዊ ጓደኛ ወሬው ሊያልቅ ሲል «ኤንቶንሴስ፣ ኤን ኬ ኬዳሞስ?» ብሎ ከጠየቀ «እንግዲህ በምን ተስማማን?» ማለቱ ነው። ያኔ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መጥራት ነው፦ «ኤል ቢየርኔስ፣ አ ላስ ኦቾ፣ ኤን ኤል ኦሶ»፤ ዓርብ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ድቡ ጋ።