ልብ ወለድ ታሪክ የሚዋሸው ምኑ ላይ ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቅኔ ደቀ መዝሙር፥ «የኔታ፥ ተረት መናገር ኃጢአት ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። የጥያቄውን ምክንያት ብመረምር፥ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1981 ያወጣውን፥ ኢንዲያና ጆንስ የሚባለው ጀግና ታቦተ ሕጉን ፍለጋ የሚዞርበትን ፊልም አይቶ ኖሯል (ዓመቶቹን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ባልንጀሮቹ የፊልሙን ስሕተት እየቈጠሩ ሲሳለቁ አመሹ፤ እርሱ ግን አልሣቀም።

ስሕተቱስ ብዙ ነው። ለሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ሰው ባልደረሰበት ጓዳ ውስጥ ያ ሁሉ እባብ ምን በልቶ ኖረ? ጀግናው በሰርጓጅ መርከብ ጀርባ ላይ ወጥቶ ባሕር ሲሻገር እንዴት አልሰጠመም? በዚህስ ፈራጆቹ ጥቂት ቸኵለዋል፤ የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ በታች የሚሄደው በባትሪ ኃይል ስለ ነበረ፥ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በውኃው ፊት ላይ ነበር። ደግሞ ታሪኩ በ1936 ሆነ ይላል፤ የእንግሊዝ ጦር በሰፈረበት በግብፅ ምድር ያን ያህል የጀርመን ወታደር በግልጥ ሲቈፍር ከልካይ ያጣው እንዴት ነው?

እኔ ግን ይህን ሁሉ ውሸት ብዬ አልጠራውም። ውሸት «እመኑኝ» እያለ የሚያታልል ነገር ነው፤ ተረት ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይለምናል፥ ሰሚውም ፈቅዶ ይቀመጣል። በቅኔ ቤት ተማሪው ፀሐይን ሙሽራ ናት ቢል የሚነቅፈው የለም። በመጀመሪያው ቤት ሙሽራ ያላትን በሦስተኛው ቤት ጢም ቢያበቅልላት ግን መምህሩ ያስቆመዋል፤ ፀሐይ ጢም ስለሌላት አይደለም፥ ሙሽራ ጢም ስለሌላት ነው እንጂ።

ከነቀፌታው ሁሉ ዋነኛው፥ ጀግናው ከቤቱ ባይወጣ እንኳ ጀርመኖች ታቦቷን ከፍተው መሞታቸው አይቀርም ነበር፥ እንግዲህ ድካሙ ለምን ነበር የሚለው ነው። ለእኔ ግን ፊልሙ እውነት የተናገረው በዚሁ ስፍራ ነው። ፍልስጥኤማውያን ታቦቷን በማረኩ ጊዜ ከእስራኤል ወገን ያስመለሳት ጀግና አልነበረም፤ ዳጎን በፊቷ ወደቀ፥ ሕዝቡም በደዌ ተመታ፥ በመጨረሻም ሁለት የሚያጠቡ ላሞች ሠረገላዋን እየሳቡ መለሷት። ዖዛስ የሞተው ሊደግፋት እጁን ዘርግቶ አይደለምን?

የሚያስቈጣኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ታቦቷን ሺሻቅ ወደ ግብፅ ወስዶ በጣኒስ አኖራት ይላል። መጽሐፈ ነገሥት ግን ሺሻቅ በሮብዓም በአምስተኛው ዓመት የቤተ መቅደሱን ሀብት እንደ ወሰደ ሲናገር ታቦቷን በስም አያነሣም። ቤተ ክርስቲያናችን በክብረ ነገሥት እንደምትተርከው፥ ታቦተ ጽዮን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋራ መጥታ በአክሱም ትኖራለች። የፋሺስት ጦርም ፊልሙ ከሚለው ዘመን አስቀድሞ፥ በጥቅምት 1935 አክሱምን ይዞ ነበር፤ ከሐውልቶቿም አንዱን በ1937 ወደ ሮም አግዞ፥ እስከ 2005 ድረስ ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ስለ እባቡ ቀለብ የተጨነቁት ባልንጀሮች ስለዚህ አንድ ቃል አልጠየቁም። ተራኪው የማይሆን ነገር ሲያሳየን ሁላችን ነቅተን እንጠብቀዋለን፤ አንዲትን አገር ከነእምነቷ ዘልሎ ሲያልፍ ግን የሚያየው የለም። ደቀ መዝሙሩም የከፋው በዚህ ነበር። ፊልሙን አትይ አላልሁትም፤ ክብረ ነገሥቱን አውጥቼ ሰጠሁት፥ ዳግመኛ ከማየቱም በፊት የመጀመሪያውን መጽሐፈ ሳሙኤል አምስተኛና ስድስተኛ ምዕራፍ እንዲያነብ አዘዝሁት።