የወጣቱን እጅ ከቢላዋ የሚጠብቅ ማን ነው?

በኦሪት ዘዳግም በ21ኛው ምዕራፍ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ሥርዓት ተጽፎአል። ሰው በሜዳ ተገድሎ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ፥ ሽማግሎችና ፈራጆች ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት ስፍራ አንሥቶ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ከሁሉ የምትቀርበው ከተማ ሽማግሎችም ስለዚያ ደም በእግዚአብሔር ፊት ይቆሙ ዘንድ ይገባቸዋል። ገዳዮቹ እነርሱ አይደሉም፤ ነገር ግን ቅርብ ናቸው፤ መቅረባቸውም መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል።

ይህን ያነሣሁት በዘመናችን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ከተሞች ስለሚሆነው ነገር ነው። በዚያ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ቢላዋ በልብሳቸው ሸሽገው ይወጣሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቢላዋ የሚይዙት ሰው ለመግደል አስበው አይደለም፤ ፈርተው ነው እንጂ። አንዱ ፈርቶ ይይዛል፤ ሌላውም ይህን ሰምቶ ይፈራል፥ እርሱም ይይዛል፤ እንዲህም ፍርሃት ፍርሃትን ይወልዳል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ዳር የተነሣ ትንሽ ጠብ በሞት ይፈጸማል። በአንድ ደቂቃ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ያጣሉ፤ የአንዲቱ ልጅ ወደ መቃብር፥ የሁለተኛይቱም ልጅ ወደ ወኅኒ ይሄዳልና።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ፦ ይህን መከልከል የማን ሥራ ነበር? ብሎ ይጠይቃል። ወላጆች በመምህራን፥ መምህራን በወላጆች ያመካኛሉ፤ ሕዝቡ በፖሊስ፥ ፖሊስም በሕዝቡ ዝምታ ያመካኛል። ጲላጦስም እጁን ታጥቦ ነበር። የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሎችም እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት። ሽማግሎቹ የሚታጠቡት ርቀቱ ከተለካ በኋላ ነው፤ ጲላጦስ ግን ለማዳን ሥልጣን ሳለው ታጠበ።

ርቀቱን ለመለካት የወጣች አንዲት ከተማ አለች፤ እርስዋም በስኮትላንድ ያለችው ግላስጎ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. የዚያ አገር ፖሊስ ደም ማፍሰስን የሚቀንስ አንድ ልዩ ክፍል አቋቋመ። ይህም ክፍል ነገሩን እንደ ወንጀል ብቻ ሳይሆን፥ ምንጩ ተመርምሮ ሊከላከሉት እንደሚቻል ተላላፊ በሽታ ይመለከተው ጀመር። በ2008 ዓ.ም. በየሰፈሩ በቡድን የሚጣሉ ወጣቶች ወደ ፍርድ ቤት ተጠሩ፤ የተጠሩትም ለመፈረድ ሳይሆን ለመስማት ነበር። የፖሊስ ሹም ሕጉን፥ ሐኪም ቍስሉን፥ ልጅዋ የቈሰለባት እናትም ኀዘንዋን ነገሩአቸው፤ ይህን ኑሮ ሊተው ለሚወድም ርዳታ ተዘጋጀለት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቈስለው ወደ ከተማይቱ ትልቅ ሆስፒታል የሚመጡትን ቀርበው የሚያነጋግሩና የሚመክሩ ሰዎች ተመደቡ። በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ በስኮትላንድ የነፍስ ግድያ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህ ሁሉ የአንድ ክፍል ሥራ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድርሻውን ባነሣ ጊዜ ሸክሙ እንደሚቀል ያሳያል።

በእንግሊዝና በዌልስም ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊስ፥ የከተማ አስተዳደር፥ የጤና ሹማምንትና እሳት አጥፊዎች በአንድነት መክረው ደም ማፍሰስን እንዲከላከሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ቢላዋ መሸጥም ክልክል ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቢላዋ የሌለበት ወጥ ቤት የለምና፥ ከሕግ ይልቅ ለልጁ የሚቀርብ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንተም ርቀትህን ለካ። አባት ሆይ፥ ካህኑ ዔሊ የልጆቹን በደል እያወቀ ስላልከለከላቸው እንደ ተወቀሰ አስብ፤ ልጅህ በማታ ወዴት እንደሚሄድና ማንን እንደሚፈራ ታውቃለህን? መምህር ሆይ፥ አስቸጋሪውን ተማሪ ከማባረርህ በፊት ከበሩ ውጭ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ። ነጋዴ ሆይ፥ የጥቂት ሳንቲም ትርፍ ከሕፃን ነፍስ አይበልጥብህ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆይ፥ ለቀብር ከመምጣትህ አስቀድመህ ልጁን በሕይወት ሳለ ጐብኘው።

አንተም ወጣት ሆይ፥ የሌሎች ቸልታ እጅህን ንጹሕ አያደርገውም፤ ቢላዋውን የመዘዘ በራሱ በደል ይጠየቃልና። ፈርቻለሁ ትል ይሆናል። ጌታችን ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ያዘዘው ግን በሰላም ቀን አይደለም፤ የታጠቁ ሰዎች በከበቡት ሌሊት ነው። የያዝኸው ቢላዋ ፍርሃትህን አያጠፋም፤ ትንሹን ጠብ ወደ ሞት ያደርሰዋል እንጂ። ስለዚህ ቢላዋውን በቤት ተው፤ ፍርሃትህንም ለምታምነው ታላቅ ሰው ግለጥ።

አባቶቻችን፦ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ደም ከፈሰሰ በኋላ መለካት ለሟቹ ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ዛሬ ሳይመሽ በሰፈርህ ብቻውን የሚቆመውን አንዱን ልጅ በስሙ ጠርተህ አነጋግረው። ለእርሱ የቅርቢቱ ከተማ አንተ ትሆን ይሆናልና። የሰላም አምላክ የልጆቻችንን እጅ ይጠብቅ፤ እኛንም ከዝምታ ያንቃን። አሜን።