አምስተኛው ፍጹም

33,550,336ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉ፣ ከራሱ ያነሱ ቁጥሮች 25 ናቸው። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ይጀምሩና የመጨረሻው የራሱ ግማሽ ይሆናል። ሁሉንም ቢደምሯቸው አንድ ሳይተርፍ፣ አንድ ሳይጎድል ያው 33,550,336 ይመጣል። ሌላው ቁጥር ሁሉ ማለት ይቻላል ወይ ይተርፈዋል ወይ ይጎድለዋል፤ ይህ ግን ልክ ነው።

የጥንት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቁጥር ፍጹም አሉት። የመጀመሪያው ፍጹም 6 ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ናቸውና። የሂፖው ጳጳስ ቅዱስ አውጉስጢኖስ በዚህ ተደንቆ፣ ስድስት ፍጹም የሆነው እግዚአብሔር በስድስት ቀን ስለፈጠረ አይደለም፣ ፍጥረት ባይኖር እንኳ ስድስት ፍጹም ነበር ብሎ አስተምሯል። ቀጥሎ 28፣ 496፣ 8,128 ይመጣሉ።

እነዚህን ቁጥሮች የማግኛውን መንገድ ያሳየው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ነው። ከ1 ጀምሮ በእጥፍ እያሳደጉ መደመር ነው፤ ድምሩ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከራሱና ከ1 በቀር የሚያካፍለው የሌለ፣ በሆነ ጊዜ በመጨረሻው ተደማሪ ማባዛት። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ናቸው፤ ሰባት ጊዜ አራት 28። ከ8,128 በኋላ ግን መንገዱ ምድረ በዳ ይሆናል። ቀጥሎ ከሚመጡት ድምሮች 255 አይሆንም፣ 511 አይሆንም፣ 1,023 አይሆንም። 2,047 ለዓይን ያጓጓል፤ ሲፈትሹት 23 ጊዜ 89 ሆኖ ይገኛል። 4,095ም ይወድቃል። ከዚያ 8,191 ይመጣል፤ ይህ ብቸኛ ነው። በ4,096 ሲባዛ የእኛው ቁጥር ተወለደ።

በመጀመሪያው መቶ ዘመን ገደማ የኖረው የሒሳብ ሊቅ ኒቆማኮስ አራቱን ብቻ አይቶ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ ፍጹም ቁጥር ለባለ አንድ አሃዝ አንድ፣ ለባለ ሁለት አሃዝ አንድ እያለ ይሄዳል፣ መጨረሻውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ ነው። ቆንጆ ደንብ ነው፣ ግን የሰው ነው። አምስተኛው አምስት፣ ስድስትና ሰባት አሃዞችን ዘሎ በስምንት አሃዝ መጣ። ስድስተኛው 8,589,869,056ም በ8 መጨረስ ሲገባው እንደገና በ6 ጨረሰ። ከቁጥሩ ውበት ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያንበረክከኝ ይህ ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ነገር ግን እኛ የመደብንለት ሥርዓት አይደለም። አምስተኛው ፍጹም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ኢብን ፈሉስ በፍጹማን ቁጥሮች ዝርዝሩ ከመመዝገቡ በፊትም እዚያው ቦታው ላይ ነበረ።

ሌላም ጸጋ አለው። ከ1 እስከ 8,191 ያለውን ሁሉ ብትደምሩ እርሱን ታገኛላችሁ። ከ1 እስከ 127 ያሉትን 64 ኢተጋማሽ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው፣ ውጤቱንም ዳግም በዚያው ቁጥር አባዝታችሁ ብትደምሩም እርሱኑ። የአሃዞቹ ድምር ደግሞ 28 ነው፤ በዚህ ግን ብዙ አልመካም፣ በአስር በአስር መቁጠራችን ያመጣው ነውና።

ተጋማሽ የሆኑት ፍጹማን ሁሉ በዩክሊድ መንገድ ብቻ እንደሚመጡ በ18ኛው መቶ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አረጋገጠ። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከ1 ቀጥሎ 1,500 ዜሮ ተጽፎለት ከሚቆመው ቁጥር በታች እንደሌለ በ2012 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ከዚያ ወዲያ አንዱን አግኝቶ ያሳየም፣ የለም ብሎ ያረጋገጠም ሰው የለም።