ደህና ሰፈር ለማን?

ማንቸስተር ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚመጣ ሰው ቤት ከመከራየቱ በፊት የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «ሰፈሩ ደህና ነው?» ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚጠይቁኝ አሉ፣ እዚሁ ሆነው የሚጠይቁኝም አሉ። ሶፍትዌር ስለምሠራ «ዳታ ያውቃል» ብለው ይሆናል። መልሱ ደግሞ ቀላል ይመስላል። በአብዛኛው የእንግሊዝና የዌልስ ክፍል ፖሊስ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየወሩ የታደሰ የወንጀል ካርታ ለሕዝብ ያወጣል። ፖስትኮድ ታስገባላችሁ፣ ካርታው ላይ ክቦች ይወጣሉ፣ በየክቡ ውስጥ ቁጥር አለ። ትልቅ ቁጥር ያለበትን ትሸሻላችሁ፣ ትንሽ ያለበትን ትከራያላችሁ። በቃ።

ግን እዚህች «በቃ» ውስጥ አንድ የፍትሕ ጥያቄ ተደብቃለች። ስለ ቦታ የተቆጠረ ቁጥር ስለ ሰው የተሰጠ ፍርድ የሚሆነው መቼ ነው? ቁጥሩን አይቶ መጠንቀቅ መብቴ ነው። ቁጥሩን አይቶ በነዋሪው ላይ መፍረድስ?

ኮድ ስጽፍ የለመድኩት ነገር ቢኖር፣ ስክሪን ላይ የማየውን ቁጥር ከማመኔ በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ካርታው ወንጀሉ የተፈጸመበትን ትክክለኛ ቤት አያሳይም። የተጎጂውን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ወንጀሉ አስቀድሞ ወደተመረጠ ቅርብ ነጥብ ይዛወራል፤ ነጥቡ የሚሸፍነው አካባቢ ቢያንስ ስምንት አድራሻ ያለው ወይም ጭራሽ አድራሻ የሌለው እንዲሆን ይደረጋል። ይሄ ጥሩ አሳቢነት ነው። ነገር ግን «ዓመፅና ወሲባዊ ጥፋት» የሚለውን ምድብ ስትከፍቱ፣ ከማስፈራሪያ መልእክት ጀምሮ እስከ ከባድ ድብደባ ድረስ አንድ ላይ ተጠቅሎ ታገኙታላችሁ። ባል ሚስቱን ሳሎን ውስጥ የደበደበበትም እዚያው መንገድ ላይ ይቆጠራል። እናንተ ክቡን አይታችሁ «ማታ በዚህ አልሄድም» ትላላችሁ። እሷ የምትፈራው ግን መንገዱን አይደለም፤ ቤቷን ነው።

ሌላው ችግር አካፋዩ ነው። መሀል ከተማው፣ ፒካዲሊ ጋርደንስ አካባቢ፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ትራሙ፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ መጠጥ ቤቱ ሁሉ እዚያ ነው፤ ከመላው ከተማ የመጣ ሰው ይተላለፍበታል። ወንጀሉን እዚያ ለሚያድሩት ሰዎች ብቻ ካካፈልነው፣ እያንዳንዱ ነዋሪ የወንጀል ጎረቤት ይመስላል። ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሚከተለው ነው። በዲሴምበር 2020 የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ የታላቋ ማንቸስተር ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተነገሩት ወንጀሎች 80,000 ያህሉን ሳይመዘግብ ማለፉን ገመተ። ከአምስት አንድ ማለት ነው፣ በቀን ከ220 በላይ። ሳይመዘገቡ ከቀሩት ውስጥ የቤት ውስጥ ጥቃት ይገኝበታል። ፖሊሱ በልዩ ክትትል ሥር ገባ፣ ዋና አዛዡም ሥልጣን ለቀቁ።

አሁን አስቡት። ፖሊስ ስልክ አንስቶ ሰምቶ መዝገብ ሳይከፍት ሲቀር ካርታው ያምራል። በደንብ መስማትና መጻፍ ሲጀምር ደግሞ ካርታው ይጠቁራል። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የታመመውን ጊዜ «ደህና»፣ የዳነውን «አደገኛ» ሊለው ይችላል ማለት ነው። ያቺ ደውላ ያልተጻፈላት ሴት ከወንጀለኛው ቀጥሎ የበደላት እኮ ባዶ የሆነው ሕዋስ ነው።

ሞስ ሳይድን እንውሰድ። በ1990ዎቹ በሽጉጥ ቡድኖች ስሙ ጠፍቶ፣ ጋዜጦች ከተማዋን «ጋንቸስተር» እስከማለት ደርሰው ነበር። እነዚያ ጥይቶች የገደሉት ማንን ነው? በብዛት የዚያኑ ሰፈር ልጆች። ታዲያ ስሙን የተሸከመውም ልጁን የቀበረውም ያው አንድ ሰፈር ነው። ዛሬም ቢሆን በእንግሊዝ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ሲሰላ ፖስትኮድ ይገባበታል። መኪናው የተሰረቀበት ሰፈር ነዋሪ፣ ሌባ ስለጎበኘው ጨምሮ ይከፍላል። ለኩባንያው ይሄ ስሌት ነው። እኔ ግን የተጎዳን ሰው ስለተጎዳ ማስከፈል ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ደግሞም መምረጥ የሚችለው ሁሉም አይደለም። በ1999 ሕግ መሠረት፣ መንግሥት መኖሪያ የሚሰጣቸው ጥገኝነት ጠያቂዎች ወደተለያዩ ከተሞች ይበተናሉ፤ ማንቸስተር አንዷ ናት። ከነሱ መካከል የኛም ሰዎች አሉ። የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቤት ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ «ልሽሸው» ብዬ የማየው ክብ፣ ለነሱ የተሰጣቸው አድራሻ ነው።

«እሺ፣ ግን እህቴ ከሌሊት ሥራ ብቻዋን ነው የምትመለሰው፤ ፍልስፍና አያድናትም» የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው። ፍርሃቷን ንቆ «ጭፍን ጥላቻ ነው» ማለት ራሱ ግፍ ነው። ግን እሷን የሚጠቅማት የሰፈሩ ስም አይደለም። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው? ከፌርማታ እስከ በር መብራት አለ? የታችኛው በር በትክክል ይዘጋል? ጎረቤት ስሟን ያውቃል? እነዚህ ሁሉ ሊጠየቁ፣ ብዙዎቹም ሊስተካከሉ ይችላሉ። «መጥፎ ሰፈር» የሚለው ፍርድ ግን ምንም አያስተካክልም።

ለዚህ ከማንቸስተር ብዙም ሳይርቅ፣ ሮችዴል ውስጥ፣ ምሳሌ አለ። ኪርክሆልት የሚባለው የመንግሥት ቤቶች መንደር በ1980ዎቹ ቤት ሰብሮ ስርቆት እጅግ የበዛበት ነበር። ኬን ፒዝ የተባሉት የወንጀል ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው መረጃውን ሲያዩ «እነማን ናቸው እዚህ የሚኖሩት?» ብለው አልቆሙም። የትኛው ቤት ተሰበረ፣ ደግሞስ ስንቴ ብለው ጠየቁ። አንዴ የተሰበረ ቤት እንደገና የመሰበር ዕድሉ ከሌላው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም እየተጨመረባቸው የሚሠሩት የጋዝና የመብራት ቆጣሪዎች ደግሞ ለሌባ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ነበሩ። ቆጣሪዎቹን አነሱ፣ የተሰበሩትን በሮች አጠነከሩ፣ በተጎዳው ቤት ዙሪያ ያሉ ጥቂት ጎረቤቶችም እንዲጠብቁት አደራጁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ነገር የጥናት ዘዴ ሆነ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስርቆቱ በ75 በመቶ ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ፣ ዳታው ያው ነው። አንዱ «ከማን ልሽሽ?» ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው «ማን ነው የተጎዳው?» ብሎ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወንጀል አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ከማንም አይነፈግም። ግን እዚያ ላይ ካቆምን፣ አቅም ያለው ሁሉ ይሸሽና ሰፈሩ መሸሽ ለማይችሉት ብቻ ይቀራል። ከዚያ በሚቀጥለው ወር ካርታ ላይ እነሱኑ እንፈራቸዋለን።