የነፍስ ዋጋና የመድኃኒት ዋጋ

«የሰው ነፍስ በገንዘብ አትተመንም» ሲባል የማይስማማ ሰው የለም። ነገር ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ጥቂት ጊዜ ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ይህ በቃል የምንስማማበት ነገር በሥራ ላይ እንዴት እንደሚፈርስ ለማየት ይችላል። አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ሐኪም የጻፈላቸውን ወረቀት ሰጥተው ዋጋውን በሰሙ ጊዜ፥ ከኪሳቸው ያወጡትን ብር ሁለት ጊዜ ቈጥረው «እንግዲያውስ ግማሹን ስጠኝ፥ ልጄ» አሉ። ወጣቱም ቈጥሮ ሰጣቸው። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ሆኖም የአንድ ሰው ጤና በዚያ መስኮት ላይ ተመዝኖ ጐደለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለመድኃኒት ዋጋ የሚገባው መለኪያ ምንድን ነው? ሠሪው ያወጣው ወጪ ነውን? ወይስ በሽተኛው ለመዳን ሲል ሊሰጥ የሚችለው ገንዘብ ሁሉ?

የመድኃኒትን ወጪና ዋጋ የሚመረምሩ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ብዙ ብርሃን ሰጥተዋል። ለምሳሌ ያህል ሄፓታይተስ ሲ የተባለውን የጉበት በሽታ የሚፈውሰውን ሶፎስቡቪር የሚባለውን ኪኒን እንውሰድ። ይህ መድኃኒት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ ሲፈቀድ፥ ለ12 ሳምንት የሚበቃው በ84,000 ዶላር፥ ይኸውም አንዱ ፍሬ በ1,000 ዶላር እንዲሸጥ ተወሰነ። በ2014 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አንድሩ ሂልና ጓደኞቻቸው የቅመሙን አሠራር፥ የጥሬ ዕቃውን ዋጋና ለአንድ በሽተኛ የሚያስፈልገውን መጠን መርምረው፥ ይኸው የ12 ሳምንት መድኃኒት በብዛት ቢሠራ ከ68 እስከ 136 ዶላር በሚሆን ወጪ ሊሠራ እንደሚችል ገመቱ።

ለነጋዴው የሚሟገት ሰው፥ «ወጪ ማለት የቅመሙ ዋጋ ብቻ ነውን? በከንቱ የቀረው ምርምር፥ ያልተሳካው ሙከራስ ወዴት ይቈጠር?» ይላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ጊልያድ የተባለው ኩባንያ ይህን መድኃኒት የጀመረውን ሌላ ኩባንያ ለመግዛት 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል፤ የትርፍ ተስፋ ባይኖረው ኖሮም ባልገዛው ነበር። መድኃኒቱም በእውነት ይፈውሳል። ይሁን እንጂ ሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች ጉዳዩን መርምረው በ2015 ባወጡት ዘገባ፥ ዋጋው በተወሰነ ጊዜ ከሁሉ በላይ የታሰበው ገቢን ከፍ ማድረግ እንደ ነበረ ገለጹ። በበረሃ ውኃ የያዘ ሰው የድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ የመንገደኛውን ጥማት መዝኖ ዋጋ ቢቈርጥ ግን የሚሸጠው የሰውየውን ጭንቀት ነው።

ዋጋን መርምሮ መከራከር ምን ያህል እንደሚጠቅም በግብጽ ታይቷል። በዚያ አገር ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ፥ መርፌው በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለ ዞረ የጉበቱ በሽታ በሕዝቡ ላይ ተሠራጭቶ ነበር። ሕዝብን ለማዳን የተደረገው ሥራ ሌላ በሽታ ስላመጣ፥ መንግሥቱ ዕዳ ነበረበት ለማለት ይቻላል። በ2014 ተደራድሮ ያንኑ የ12 ሳምንት መድኃኒት በ900 ዶላር አገኘ፤ ቈይቶም በአገሩ ፋብሪካዎች እያሠራ ዋጋውን ይበልጥ አወረደ። በ2018 በተጀመረው ዘመቻ 50 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ተመረመረ። በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት፥ ይህን በሽታ ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ የወርቅ ደረጃ የደረሰች የመጀመሪያዋ አገር ግብጽ መሆኗን አስታወቀ።

ከዚህ የምንማረው፥ ነፍስን የሚያከብር ሰው ከቍጥር መሸሽ እንደማይገባው ነው። ሒሳቡን «ይህስ የነጋዴ ጉዳይ ነው» ብሎ የተወ ሹም፥ ሻጩ ብቻውን ዋጋ እንዲቈርጥ ፈቅዷል ማለት ነው። በእርግጥ ቍጥር ብቻውን ርኅራኄን አይወልድም፤ ተመራማሪው ስንት እንደሚፈጅ ይነግረናል እንጂ፥ ለማን አስቀድመን እንስጥ የሚለውን ፍርድ ከኛ ላይ አያነሣልንም። እኔም በመሥሪያ ቤቴ የወጪ ሰንጠረዥ ሳዘጋጅ፥ ከአንድ መስመር ላይ የተቀነሰው ብር በማን ላይ እንደሚጐድል ሳላስብ ብዙ ጊዜ ፈርሜአለሁ።

ለአዛውንቱ ግማሹን የሸጠው ወጣት ዋጋውን አልወሰነም። ዋጋው ከዚያ አስቀድሞ በሌሎች ጠረጴዛዎች ላይ ተወስኖ ነበር፤ ከነዚያም ጠረጴዛዎች አንዳንዱ የኛ ነው።