የምኞት ወረቀታችን

በዚህ እትም ልንጽፍላችሁ የተነሣነው ስለ ሌላ ሰው ስሕተት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከሚሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ዘጠኝ የምንሆን አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን አነበብን፤ ፊልሙንም ተሰብስበን አየን። መጽሐፉ የሚያስተምረው ሰው በልቡ አጥብቆ ያሰበውን ሁሉ ወደ ራሱ እንደሚስብ ነው። ሀብትን ያሰበ ሀብትን ይስባል፤ ማጣትን ያሰበ ማጣትን ይስባል ይላል። እኛም ደስ አለን። ጥቅስም የተጠቀሰበት ስለ ነበር ከሃይማኖታችን የራቀ አልመሰለንም። ስለዚህ እያንዳንዳችን የምንፈልገውን በወረቀት ጽፈን፣ አሁኑኑ በእጃችን እንደ ገባ ቈጥረን አመስግነን፣ ወረቀቱን አጥፈን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርነው። አንዱ መኪና ጻፈ። ሁለቱ የውጭ አገር ጉዞ ጻፉ። አንዷም ባለ ሦስት ፎቅ ቤት እስከ መስኮቱ ቀለም ድረስ ሣለች (ሥዕሉስ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር)። ከመካከላችን አንዲት እኅት ግን በዚያ ሰሞን እናትዋ በኩላሊት ሕመም ተኝተውባት ነበርና ስለ እናትዋ ጻፈች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የልጅነት ጨዋታ ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ደንብ አወጣን። ይኸውም ከመካከላችን ማንም ሰው «እፈራለሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ባይሳካስ» የሚል ቃል ከአፉ እንዳያወጣ ነው። እኅታችን እሑድ ስትመጣ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ብለን እንጠይቅና መልስ ሳትሰጠን «ድነዋል በይ፤ ክፉ ቃል ከአፍሽ አይውጣ» እንላታለን። እርስዋም «ድናለች» ትለን ነበር። ፊትዋን ያየ ሰው ግን አላየንም ሊል አይችልም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናትዋ ዐረፉ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ለአንዳችን እንዲህ ብላ ነገረችን፤ «አንድ ሌሊት አጠገቧ ሆኜ፣ እማዬ ትሞታለች ብዬ አሰብሁ። የገደልኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ ወደ ጉባኤው መምጣት ተወች።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ከወዴት መጣ ብለን መጠየቅ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባን ነበር።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ በአጭሩ እንንገራችሁ። በሰሜን አሜሪካ በሜን ግዛት ፊንያስ ክዊምቢ (1802–1866 እ.ኤ.አ.) የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበረ። ይህ ሰው የበሽታ ሥሩ በሰው አስተሳሰብ ውስጥ ነው፣ አስተሳሰብ ሲቃና ሥጋም ይድናል እያለ ሕሙማንን ይቀበል ነበር። ከእርሱ ሐሳብ የተነሡ ሰዎች «አዲስ አስተሳሰብ» የተባለውን እንቅስቃሴ አቋቋሙ። በመጀመሪያ የተፈለገው ጤና ነበር። ቈይቶ ግን ገንዘብ ተጨመረበት። በ1910 እ.ኤ.አ. ዋላስ ዋትልስ ባለጸጋ ስለ መሆን ሳይንስ ጻፈ። በ1937 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ተመትታ ሥራ አጡ በበዛበት ዘመን፣ ናፖሊዮን ሂል በማሰብ ስለ መበልጸግ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰባኪ፣ ኖርማን ቪንሰንት ፒል፣ ስለ በጎ አስተሳሰብ ኃይል የጻፉት መጽሐፍ በዓለም ሁሉ ተነበበ፤ ትምህርቱም ከመድረክ ወደ ምእመናን ወረደ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ አባትዋ በድንገት ሞተውባት፣ ሥራዋም ተናግቶባት የነበረች ሮንዳ በርን የምትባል አውስትራሊያዊት የዋትልስን አሮጌ መጽሐፍ ከልጅዋ እጅ ተቀብላ አነበበች። እኛ ያነበብነውን መጽሐፍና ያየነውን ፊልም በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣች እርስዋ ናት። ይህን ስናውቅ በሴቲቱ ላይ የነበረን ቍጣ ቀነሰ። እርስዋም እንደ እኛ እኅት ኀዘንተኛ ነበረችና። ኀዘንተኛ ሰው የሚይዘውን ነገር ሲያጣ የቀረበለትን ሁሉ ይይዛል።

ከዚህ ትምህርት ምንም በጎ ነገር የለበትም አንልም። በእኛ ዘንድ «አይሆንልኝም»፣ «ዕድሌ ነው» ማለት የተለመደ ነውና ከመካከላችን በፈተና ወድቆ ስድስት ወር ከቤት ያልወጣ አንድ ወንድማችን መጽሐፉን አንብቦ ተነሥቶ እንደ ገና ተመዘገበ። ተስፋ መቍረጥ ኃጢአት መሆኑን አባቶች አስተምረውናል። ሐዋርያው ጳውሎስም እውነት የሆነውን፣ ንጹሕ የሆነውን፣ መልካም የሆነውን እንድናስብ መክሮናል (ፊል. 4፥8)። ዳዊትም በመዝሙሩ የተከዘች ነፍሱን ስለ ምን ታዝኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል። በጎ ማሰብ ስለዚህ የእኛም ነው። ጥያቄው በጎ ስናስብ የምንታመነው በማን ነው የሚለው ነው፤ በእግዚአብሔር ነው ወይስ በሐሳባችን?

መጽሐፉ የተደገፈበትን ጥቅስ እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቍጥር 24 ጌታችን የምንለምነውን ሁሉ እንደ ተቀበልን እንድናምን፣ እንደሚሆንልንም ይናገራል። እኛ በወረቀታችን ራስጌ ላይ የጻፍነው ይህን ነበር። ታዲያ ከዘጠኛችን አንዳችንም ቍጥር 25ን አላነበብንም! በዚያ ቍጥር ጌታ ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል። ሁለቱ ቃላት የተነገሩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። እኛ ግን ቍጥር 24ን ቈርጠን ወስደን በቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥነው፤ በዚያው ሰሞን ከመካከላችን ሁለቱ ስለ መዘምራን ልብስ ገንዘብ ተጣልተው ሰላም አይባባሉም ነበር። መኪና ከሰማይ እንለምናለን፤ ወንድማችንን «እንደምን አደርህ» ማለት ግን ከብዶናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያው ማርቆስ ሦስት ምዕራፍ አልፎ ወደ ጌቴሴማኒ ይወስደናል (ማር. 14፥32–42)። ቃሉን የተናገረው ጌታ ራሱ በዚያ ሌሊት በምድር ወድቆ ይለምናል። አባቱ ሁሉን እንደሚችል ይመሰክራል፤ ስለዚህ በእምነት ጐደሎ ነበረ የሚል የለም። ጽዋው እንዲያልፍለትም በግልጥ ይለምናል። ፍርሀቱንም አልደበቀም። ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው፤ አብረውት እንዲተጉም ለመናቸው። ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ለአባቱ ፈቃድ ሰጠ። ጽዋውም አላለፈም። እኛ ባወጣነው ደንብ ቢሆን ኖሮ ጌታን «እንዲህ ያለ ቃል ከአፍህ አይውጣ» ብለን ልንገሥጸው ነበር። ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ይህን አድርጎ ምን እንደ ተባለ ታውቃላችሁ (ማር. 8፥33)።

የጳውሎስም እንዲሁ ነው። ሁሉን እንደሚችል የጻፈበትን ቃል ወጣቶች በየደብተራችን ሽፋን ላይ እንጽፈዋለን፤ ፈተና በደረሰ ጊዜም እናነበንበዋለን። ይህ መልእክት ግን ከእስር ቤት የተጻፈ ነው። ከዚያ ቃል በፊት ያሉት ሁለት ቍጥሮች (ፊል. 4፥11–12) መጥገብንም መራብንም፣ ማግኘትንም ማጣትንም እንደ ተማረ ይናገራሉ። ሁሉን እችላለሁ ያለው መራብንም ጨምሮ ነው። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም (2ቆሮ. 12፥7–9)፤ ሐሳቡ ደካማ ስለ ነበር ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣና እንስማው።

በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ነፍሱን ደስ በሚያሰኝ ቃል ያነጋገረ አንድ ሰው አለ (ሉቃ. 12፥16–21)። እርሻው የበዛለት ባለጸጋ ነው። ለብዙ ዘመን የሚበቃ እንዳላት ለነፍሱ ነገራት፤ ስለሚሠራው ሰፊ ጎተራም አሰበ። በዚያች ሌሊት ምን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሐሳቡ በጎና ብሩህ ነበር፤ ሆኖም በውስጡ ከራሱ በቀር ማንም አልነበረበትም። ጎረቤት የለበት፣ ድኃ የለበት፣ እግዚአብሔርም የለበት። እኛም ዘጠኙን ወረቀቶች በኋላ ከፍተን ስናነብ ከአንዲቱ በቀር የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት አላገኘንም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ያሳመመው ግን ይህ ነው። መጽሐፉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ያለቁባቸውን መቅሠፍቶች ሳይቀር ከሰዎቹ ሐሳብ ጋር ያያይዛቸዋል። እኛ የወሎ ልጆች ልጆች አለንበት። በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ያለቁት እናቶችና ሕፃናት ማጣትን ስላሰቡ አለቁ ይባልን? ዝናቡ ቀረ፣ እህሉ ጠፋ፣ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ። የኢዮብ ወዳጆች ከኢዮብ አጠገብ ተቀምጠው መከራው ከራሱ የመጣ ነው እያሉ ሲከራከሩት እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። ወዳጆቹ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሚሻለውን ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ ነበር። እኛ ግን ለእኅታችን ያችን ሰባት ቀን እንኳ አልሰጠናትም።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር መጽሐፍ ያመጣው ነው ብለን እንዳንመካ አንድ ነገር እንጨምር። እኛም ብንሆን «ይህን ብታደርግልኝ ዣንጥላ አገባለሁ» እያልን ስለትን የገበያ ውል ያደረግንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለት መጽሐፋዊ ነው፤ ሐናም ተስላለች። ነገር ግን ሐና የለመነችውን ልጅ ራሱን መልሳ ሰጠች (1ሳሙ. 1)። እኛ ልጁን ይዘን ዣንጥላውን እንሰጣለን።

አባ እንጦንስ ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ለባለጸጋው ጐልማሳ የተነገረው ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ሦስት መቶ መስፈሪያ የሚሆን ለም መሬት ነበረው። ለመንደሩ ሰዎች ሰጠው። እርሱም ወንጌሉን ሲሰማ ልመና ይዞ ነበር ይሆናል፤ የሄደው ግን ተለውጦ ነው። በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ በማር ይስሐቅም ሆነ በፊልክስዩስ፣ በአረጋዊ መንፈሳዊም፣ አባቶች ሐሳብን እንድንመረምረውና እንድንጠብቀው እንጂ እንደ አዛዥ እንድንታዘዘው አያስተምሩንም። ሐሳብ ይመጣል፤ ይሄዳል። አንድ ሌሊት በደከመች ልጅ ልብ ያለፈ የፍርሀት ሐሳብ ሰውን አይገድልም። መንፈሳዊ እድገት ስንል የምንፈልገው ሁሉ ሲደርስልን ማለታችን አይደለም፤ የምንፈልገው ነገር ራሱ ሲለወጥ ነው። ጌታ ባስተማረን ጸሎት ውስጥ የአባታችን ስም፣ መንግሥቱና ፈቃዱ ከእንጀራችን ይቀድማሉ፤ እንጀራውም የዕለት ነው፤ «የእኔ» ሳይሆን «የእኛ» ነው።

ሳይንሱም በዚህ ነገር ዝም አላለም። ጋብሪየለ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባዋ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ ከሚፈልጉት መካከል ሥራ እንዳገኙ አድርገው በሕልም ዓለም አብዝተው የሚያስቡት ኋላ ያገኙት የሥራ ጥሪም ደመወዝም ያነሰ ሆኖ አግኝታለች። እንደ ደረሱ የሚያስቡ ሰዎች መንገዱን ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንስባቸዋል። የእኛም ባለ መኪናው ወንድማችን መንጃ ፈቃድ እንኳ አላወጣም ነበር፤ ይህን በፈቃዱ ጽፈንበታል።

ባለፈው ዓመት በእናትዋ ሙት ዓመት ወደ እኅታችን ቤት ሄድን። ፈርተን ነበር፤ በሩ ላይ ቆመን ማን ይቅደም እየተባባልን ተገፋፋን። አባትዋ ከፈቱልን፤ «ግቡ ልጆቼ፣ ምን ያቆማችኋል» አሉን። ቡና ተፈላ። ከሁለተኛው በኋላ ከመካከላችን ታላቁ ተነሥቶ ስለ ሁላችንም ይቅርታ ጠየቃት። ቆርቆሮውንም ይዘን ሄደን ነበርና ወረቀትዋን መለስንላት። «እማዬ ሌሊት ሌሊት እንዳትፈራ» የሚል ብቻ ነበር የጻፈችው፤ ትድናለች የሚል ቃል አልነበረበትም። እርስዋም ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና እንዲህ አለችን፤ «ያን ጊዜ አብራችሁኝ ብታለቅሱ ይበቃኝ ነበር።» አባትዋም «በሉ ሦስተኛውን ጠጡ» አሉ።

አሁን እሑድ እሑድ ትመጣለች። ከመዝሙር በፊት የታመመ ሰው በቤቱ ያለበትን ሁሉ ስሙን የምትጽፍልን እርስዋ ናት። በመጪው እሑድ ከትምህርቱ በኋላ አንዲት አረጋዊት እናታችንን ለመጠየቅ ስለምንሄድ፣ መምጣት የምትችሉ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኝ። ዳቦ የምታመጡ አስቀድማችሁ ንገሯት።