ዘር የሌለው አበባ

አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለእርሱ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው ነው። የማይበላውስ? በሐረር ከተማ፣ በግቢያችን ሳይሆን በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ ለዐይን ብቻ የሚሆን አበባን ያለ ደመወዝ የሚንከባከብ ሰው አላህ ዘንድ ምን አለው?

ነገሩን በአንድ አበባ እንመልከተው። አይሪስ ይባላል፤ ዐረቦች ሰውሰን ይሉታል። ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ነጩ አይሪስ፣ የትውልድ አገሩ የመንና የዐረብ ምድር ነው። ሙስሊሞች በየሄዱበት ይዘውት እየሄዱ በመቃብር ስፍራዎች ስለተከሉት እስከ እስፔን ድረስ ደርሷል። (በመቃብር ላይ መትከል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወው።) የሚያስገርመው ይህ አበባ ዘር የማያፈራ መሆኑ ነው። ነፋስ አይበትነውም፤ ወፍ አይዘራውም። ከአገር አገር የሚሻገረው ሰው ወፍራም ሥሩን ቆርሶ ሲወስደው ብቻ ነው። እንግዲህ ከትውልድ አገሩ ርቆ በበቀለበት ቦታ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነበረበት ማለት ነው። የዚያ ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሞንትክሌር በምትባል ከተማ፣ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ በ1927 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የአይሪስ አትክልት ስፍራ ይገኛል። በሺህ የሚቆጠሩትን አበቦች የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አበባው የሚያብበው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ አረሙና ቁፋሮው ግን በዚያ አያበቃም።

ሐረርም የጋራ ሥራ ለማንም አታስተምርም እንጂ ከማንም አትማርም ይባል ይሆናል። እውነትም አፎቻ ያለበት ከተማ ነው፤ ሞት ሲደርስ ቀብሩን፣ ሠርግ ሲሆን ድግሱን ማንም ብቻውን አይሸከምም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዛሬ የቀበረ ነገ ቀባሪ ይፈልጋል። ይህ ነውር የለበትም፣ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር ነው። የመናፈሻ አበባ ግን ለነገ የሚመልስልን ብድር የለውም። ቢደርቅ የሚወቅሰን የለም። ቤታችን ውስጥ ነደባው ተወልውሎ፣ ስፌቱና ሳህኑ በግድግዳው ላይ ተደርድሮ እናያለን፤ ከበራፉ አንድ እርምጃ ስንወጣ ግን ቦታው የማንም ይሆናል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። መልካም ነው። በተከላው ቀን ሰው ይበዛል፣ ካሜራም አይጠፋም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥ ያንኑ ችግኝ ሊያይ የሚሄደው ማነው? ኢኽላስና ይዩልኝ የሚለዩት፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በኅዳር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ውሃ። ሐረርን ለብዙ ዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ምንም እንኳ ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ከተማዋ ያኔ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ውሃ ማስመጣት ግድ ሆኖባታል። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እያለ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ኢስራፍ ነው የሚል ሰው ትክክል ነው። ከሰው ጉሮሮ ነጥቆ ሰደቃ የለም። ነገር ግን አይሪስ በወፍራም ሥሩ ውስጥ ስንቁን ስለሚይዝ ደረቅ ወራትን ይችላል፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። በጁገል ውስጥ ብቻ 82 መስጊዶች አሉ ይባላል። በቀን አምስት ጊዜ ከውዱእ የሚወርደው ውሃ የት ነው የሚሄደው? ሳሙና ያልነካው ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ አፈር ቢመራ የማንንም ድርሻ አይነካም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስና፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ሲቆም በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው ብለዋል። ከዚያ ችግኝ ማን ይበላል? ጥላው ሥር ማን ያርፋል? ማንም። እንግዲያው ፍሬው የትእዛዙ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። አላህ (ሱ.ወ) ውብ መሆኑንና ውበትንም እንደሚወድ ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አበባውን የሚንከባከበው ሰው፣ ንብም ቀሰመችው አልቀሰመችው፣ ነይቶ ከሠራው ባዶ እጁን አይቀርም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ለመጀመር የምትፈልጉ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ አይሪስ በጥልቀት አይቀበርም፤ የሥሩ ጀርባ ፀሐይ ማየት አለበት። በየጥቂት ዓመቱ ሥሮቹ እርስ በርስ ስለሚጨናነቁ አበባው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ነቅሎ መክፈልና ትርፉን ለጎረቤት መስጠት የግድ ነው፤ ያልሰጠ ሰው አበባ አያይም። በመጀመሪያው ዓመት ላያብብ ይችላልና ልጆቹ «አበባው የታል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።